ለመኖሪያ ቤት እድሳት የግንባታ ተቆጣጣሪ አመራረጥ፦ ለግሸንና ለአካባቢው የቤት ባለቤቶች የተዘጋጀ መረጃ

መግቢያ

በደቡብ ወሎ ዞን በአምባሰል የሚገኘው የግሸን ደብረ ከርቤ አምባ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከመላ አገሪቱ የሚመጡ ምእመናን የሚሰባሰቡበት ስፍራ ነው። በዓሉ ሲቃረብ በአምባውና በዙሪያው ቤትን ማሰናዳት የተለመደ ነው። የዛገ ቆርቆሮ ይቀየራል፤ የተሰነጠቀ ግድግዳ ይለሰናል፤ አቅም ያለው ደግሞ እንግዳ የሚያርፍበት ተጨማሪ ክፍል ይሠራል። ሥራው በአብዛኛው የሚከናወነው በሚታወቅ ግንበኛና አናጢ ሲሆን በቤቱ ባለቤትና በግንበኛው መካከል ያለው መተማመንም ብዙ ጊዜ እንደ ውል ያገለግላል።

መተማመን መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ቁጥጥርን አይተካም። እንግዳ በተኛበት ሌሊት ጣሪያው ወይም ግድግዳው ቢከዳ ጉዳቱ በቤቱ ባለቤት ብቻ ተወስኖ አይቀርም። ስለሆነም ይህ መረጃ ቤታቸውን የሚያድሱ ሰዎች ሥራውን በእነርሱ ስም የሚከታተልላቸው ባለሙያ እንዴት እንደሚመርጡ፣ እንዴት እንደሚያዋውሉና ከእርሱ ምን መጠበቅ እንዳለባቸው ያብራራል። በዝርዝር ከቀረቡት ነጥቦች ሁሉ በላይ ሊታወስ የሚገባው አንድ መርሕ አለ፦ ጥሩ ተቆጣጣሪ ማለት ሥራው ከመሸፈኑ በፊት በቦታው ተገኝቶ የሚያይ፣ ያየውንም ከሥራ ተቋራጩ ጥቅም ነጻ ሆኖ በጽሑፍ የሚያስቀምጥ ባለሙያ ነው።

1. ቁጥጥር ለምን ያስፈልጋል?

በግንባታ ሥራ ውስጥ ዋናው ነገር ሁልጊዜ ይሸፈናል። መሠረት በአፈር፣ ብረት በአርማታ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ በልስን፣ የጣሪያ እንጨት በኮርኒስ ይሸፈናል። ሥራው አልቆ ቀለም ከተቀባ በኋላ ቤቱን የሚጎበኝ ሰው የሚያየው ቀለሙን ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ጉድለት ቢጠረጠር እንኳ ለማረጋገጥ ማፍረስ ያስፈልጋል። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለው አባባል ለግንባታ ቁጥጥር በሚገባ ይሠራል።

በግሸንና በአካባቢው ቁጥጥርን ይበልጥ አስፈላጊ የሚያደርጉ ሦስት ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው የመሬቱ ጠባይ ነው። ደቡብ ወሎ በስምጥ ሸለቆው የአፋር ክፍል ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ የሚገኝ በመሆኑ ለመሬት መንቀጥቀጥ የተጋለጠ ነው። በ1953 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ክፉኛ ጎድቷል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የተከሰተው መንቀጥቀጥም በርካታ ነዋሪዎችን ከመኖሪያቸው አፈናቅሏል። በእንዲህ ዓይነቱ ቀጠና በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ ማዕዘኖቹ ካልተያያዙና ዙሪያውን በሚያስር ቢም ወይም እንጨት ካልተጠፈረ ለአደጋ የተጋለጠ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የቦታው አቀማመጥ ነው። በአምባ ላይና በአምባ ሥር የሚሠራ ቤት ገደልና ተዳፋት ይጎራበታል። ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ብረትና ውኃ ወደ ከፍታ ማድረስ ገንዘብና ጉልበት ይጠይቃል። ዕቃ ማድረስ አስቸጋሪ በሆነበት ቦታ ሁሉ ሲሚንቶ የመቀነስ፣ ብረት የማሳሳት፣ አፈር የተቀላቀለበት አሸዋ የመጠቀም ፈተና ይበረታል።

ሦስተኛው የጊዜ ጥድፊያ ነው። የበዓሉ ቀን አይንቀሳቀስም። ሥራው ሲዘገይ የሚታጠፈው ብዙውን ጊዜ አርማታው የሚጠነክርበት ወይም ግድግዳው የሚደርቅበት ጊዜ ነው። ከበዓሉ ይልቅ ለቤቱ ጥንካሬ ቅድሚያ የሚሰጥ አንድ ሰው በሥራው ቦታ መኖር አለበት።

2. ተቆጣጣሪ ሲባል ማንን ያመለክታል?

በዕለት ተዕለት አነጋገር «ተቆጣጣሪ» የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ሰዎችን ለማመልከት ስለሚያገለግል ልዩነቱን መረዳት ያስፈልጋል።

ሀ. የሕንፃ ሹምና በሥሩ ያሉ ባለሙያዎች። እነዚህ በከተማ አስተዳደር ወይም በተሰየመ አካል ተመድበው የግንባታ ፈቃድ የሚሰጡና ሥራው በፈቃዱ መሠረት መከናወኑን የሚያረጋግጡ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። የቤቱ ባለቤት አይመርጣቸውም፤ የግል ክፍያም አይፈጽምላቸውም። ተግባራቸው የሕዝብን ደኅንነት መጠበቅ እንጂ በየቀኑ ከሥራው ጎን ቆሞ የባለቤቱን ገንዘብ መጠበቅ አይደለም።

ለ. በባለቤቱ የሚቀጠር ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ወይም አማካሪ። ይህ ባለሙያ የሚሠራው ለቤቱ ባለቤት ነው፤ ክፍያውንም የሚያገኘው ከባለቤቱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ትኩረት በዚህ ባለሙያ አመራረጥ ላይ ነው።

ሐ. የሥራ ተቋራጩ ፎርማን። ፎርማኑ ሠራተኛውን ይመራል፤ ዕቃ ያዝዛል፤ ሥራውን ያቀናጃል። ችሎታው ከፍ ያለና ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ደመወዙን የሚከፍለው ተቋራጩ ስለሆነ የባለቤቱ ተቆጣጣሪ ሊሆን አይችልም። «ፎርማኑ ያየዋል» የሚለው መልስ ሥራው ቁጥጥር እንዳለው አያሳይም።

3. ሕጉ ምን ይላል?

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 እና በ2003 ዓ.ም. የወጣው የማስፈጸሚያ ደንብ ቁጥር 243/2003 ለሕንፃ ሥራ ፈቃድና ቁጥጥር መሠረት የጣሉ ሕጎች ናቸው። ከእነዚህ ሕጎች ውስጥ ለቤት እድሳት በቀጥታ የሚጠቅሙ ሦስት ሐሳቦች አሉ።

አንደኛ፣ በአዋጁ ትርጓሜ ግንባታ ማለት አዲስ ሕንፃ መሥራት ብቻ አይደለም፤ ነባር ሕንፃን ማሻሻልና የሚሰጠውን አገልግሎት መለወጥም ግንባታ ነው። በመሆኑም መኖሪያ ቤትን ወደ እንግዳ ማረፊያ መለወጥ ቀላል እድሳት ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ሁለተኛ፣ አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ይከፍላል። ምድብ «ሀ» በመዋቅሮች መካከል ያለው ርቀት 7 ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ባለ አንድ ወለል ሕንፃን እንዲሁም ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ የግል መኖሪያ ቤትን ይመለከታል። ምድብ «ለ» ከዚህ የሰፋ ርቀት ወይም ተጨማሪ ፎቅ ያላቸውን ያካትታል። ምድብ «ሐ» ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልባቸውን፣ የፋብሪካና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ሕንፃዎች ይሸፍናል። የምድቡ ደረጃ ከፍ ባለ መጠን ከዲዛይንና ከቁጥጥር የሚጠበቀውም ይጨምራል። ባለቤቱ ተቆጣጣሪ ከመፈለጉ በፊት ሥራው በየትኛው ምድብ እንደሚወድቅ ማወቅ ይኖርበታል።

ሦስተኛ፣ አዋጁ በዋናነት የተዘጋጀው የሕዝብ ቁጥራቸው 10,000 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ከተሞች ነው። ከዚህ በታች ባሉ ከተሞች ተፈጻሚ እንዲሆን የመወሰን ሥልጣን የክልሎች ነው። ይህ ማለት በአነስተኛ ከተሞችና በገጠር መንደሮች የመንግሥት ቁጥጥር በየሥራው ደረጃ ላይደርስ ይችላል ማለት ነው። ቁጥጥሩ በሳሳበት ቦታ የቤቱ ባለቤት ራሱ የሚቀጥረው ባለሙያ ድርሻ ይበልጥ ከፍ ይላል።

የግንባታ ሕግ በየጊዜው ይሻሻላል። ስለሆነም ሥራው ከመጀመሩ በፊት በወረዳው ወይም በከተማ አስተዳደሩ የሚገኘውን የከተማና መሠረተ ልማት ጽሕፈት ቤት ቀርቦ በሥራ ላይ ያለውን ድንጋጌ፣ የሚያስፈልገውን ፈቃድና የቤቱን ምድብ መጠየቅ ይገባል።

4. ለየትኛው ሥራ የትኛው ባለሙያ?

ለእያንዳንዱ ጥገና መሐንዲስ መቅጠር አያስፈልግም። ቀለም መቀባት፣ የበር መዝጊያ መቀየር፣ ጥቂት ቆርቆሮ መተካትና ወለል ማስተካከል በልምድ ባለው ባለሙያ ሊሠሩ ይችላሉ። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ሥራዎች ግን በሲቪል ምሕንድስና ወይም በግንባታ ቴክኖሎጂ የሠለጠነ ባለሙያ ሳያያቸው ሊጀመሩ አይገባም።

• በነባር ቤት ላይ ፎቅ ወይም ቆጥ መጨመር፤ በተለይም ነባሩ ግድግዳ በጭቃ የተገነባ ከሆነ፤
• ጭነት የተሸከመ ግድግዳን ማፍረስ ወይም በላዩ ሰፊ በርና መስኮት መክፈት፤
• መሠረትን መጠገን፣ ወይም ከነባሩ ቤት ጋር የሚያያዝ አዲስ ክፍል መሥራት፤
• የጣሪያውን እንጨት ሙሉ በሙሉ መቀየር፣ ወይም ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ መሸጋገር፤
• በተዳፋት ላይ የአፈር መከላከያ ግንብ መሥራት፤
• የመጸዳጃ ጉድጓድ በቤቱ መሠረት አጠገብ መቆፈር።

የኤሌክትሪክ ዝርጋታን በሚመለከት የሲቪል መሐንዲሱ ፍተሻ በቂ አይደለም። በኤሌክትሪክ ሙያ የሠለጠነ ሰው ዝርጋታውን ከመለሰኑ በፊት ሊያየው ይገባል። ብዙ እንግዳ በሚያርፍበት ቤት በአንድ መስመር ላይ ምድጃና ብዙ መብራት መደራረብ ለእሳት አደጋ ያጋልጣል።

5. የምርጫ መመዘኛዎች

ተቆጣጣሪ ሲመረጥ የሚከተሉት መመዘኛዎች በቅደም ተከተል ቢታዩ ይመከራል።

5.1 ነጻነት። ከሁሉም የሚቀድመው መመዘኛ ይህ ነው። ባለሙያው የሥራ ተቋራጩ ዘመድ፣ ሸሪክ ወይም የቀድሞ ባለዕዳ ከሆነ፣ ወይም ከግንባታ ዕቃ ነጋዴ ኮሚሽን የሚቀበል ከሆነ ችሎታው ምንም ያህል ቢሆን ለዚህ ሥራ ተመራጭ አይሆንም። በትንሽ አካባቢ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅ በመሆኑ ፍጹም ባዕድ የሆነ ባለሙያ ማግኘት አዳጋች ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ከውጫሌ፣ ከሐይቅ ወይም ከደሴ ባለሙያ ማስመጣት የትራንስፖርት ወጪ ቢጨምርም ከሚገኘው ጥቅም አንጻር አዋጭ ነው። ተቋራጩ ራሱ «እኔ የማውቀው መሐንዲስ አለ» ብሎ የሚያመጣው ባለሙያ ግን በባለቤቱ እንደተመረጠ አይቆጠርም።

5.2 ምዝገባና ማስረጃ። ባለሙያው የትምህርት ማስረጃውንና የሙያ ምዝገባ ምስክር ወረቀቱን ዋናውን እንዲያሳይ መጠየቅ ነውር አይደለም። ምስክር ወረቀቱ የታደሰ መሆኑ፣ ስሙ ከመታወቂያው ጋር መመሳሰሉ፣ የተመዘገበበት የሙያ ዘርፍና ደረጃ ከሥራው ጋር መጣጣሙ ሊታይ ይገባል። ጥርጣሬ ቢኖር ምዝገባውን ከሰጠው አካል ማረጋገጥ ይቻላል። በቅርቡ የተመረቀ ወጣት መሐንዲስ በልምድ ባለው ባለሙያ ኃላፊነት ሥር ሆኖ ቢሠራ መልካም ነው፤ ዲግሪ ብቻውን ግን ለነባር ቤት ፍተሻ በቂ አይደለም።

5.3 በነባር ቤት ላይ ያለው ልምድ። አዲስ የብሎኬት ቤት መቆጣጠርና የድሮ የድንጋይ ቤት እድሳትን መቆጣጠር የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የነባር ቤት ባለሙያ ስንጥቁ አዲስ ይሁን የቆየ፣ ግድግዳው ያበጠው በእርጥበት ይሁን በመሠረት መስመጥ፣ በአፈር የተቀበረው ምሰሶ በምስጥ ተበልቶ ይሁን ጤነኛ መለየት መቻል አለበት። ካሁን ቀደም ያያቸውን ሁለት ወይም ሦስት ቤቶች እንዲያሳይ መጠየቅ፣ ከተቻለም ከባለቤቶቹ ጋር መነጋገር ጠቃሚ ነው።

5.4 በቦታው የመገኘት ፈቃደኝነት። ዕውቀት ያለው ነገር ግን በሥራው ቦታ የማይገኝ ተቆጣጣሪ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ተቆጣጣሪ ነው። ፎቶግራፍ በስልክ ተቀብሎ «ቀጥሉ» ማለት ጉብኝትን አይተካም። ፎቶግራፍ የብረቱን ውፍረት፣ የመሠረቱን ጥልቀትና የአሸዋውን ንጽሕና በትክክል አያሳይም።

5.5 በጽሑፍ የመናገር ልማድ። በቃል የተሰጠ ማሳሰቢያ በማግሥቱ ይረሳል። ጥሩ ተቆጣጣሪ ከእያንዳንዱ ጉብኝት በኋላ ቀኑን፣ ያየውን፣ ያዘዘውን ማስተካከያና መስተካከሉን የሚገልጽ አጭር ማስታወሻ ፈርሞ ይሰጣል።

6. ለእጩው ባለሙያ የሚቀርቡ ጥያቄዎች

ባለቤቱ የምሕንድስና ዕውቀት ባይኖረውም ቀላል ጥያቄዎችን በማቅረብ የባለሙያውን አቋም መመዘን ይችላል።

1) «ቤቱን ሳያዩ ዋጋ ይነግሩኛል?» አዎ የሚል ባለሙያ ሊያጠራጥር ይገባል። መጀመሪያ ቤቱን ማየት ግዴታ ነው።

2) «በሥራው ሂደት ስንት ጊዜና በየትኞቹ ደረጃዎች ይመጣሉ?» መልሱ የተወሰነና ከሥራው ደረጃዎች ጋር የተያያዘ መሆን አለበት።

3) «ግንበኛው ያዘዙትን ባይቀበል ምን ያደርጋሉ?» ሥራው እንዲቆም በጽሑፍ ለባለቤቱ እንደሚያሳውቅ ቢናገር ትክክለኛ መልስ ነው።

4) «ከዚህ ቤት የማይመቸዎት ነገር ምንድን ነው?» በጥንቃቄ የተመለከተ ባለሙያ ሁልጊዜ የሚያነሣው ነጥብ አለው። ሁሉም ደኅና ነው የሚል መልስ የፍተሻውን ጥልቀት ያጠያይቃል።

5) «ከተቋራጩ ወይም ከዕቃ አቅራቢው ጋር የጥቅም ግንኙነት አለዎት?» መልሱ በውሉ ውስጥ በጽሑፍ ሊሰፍር ይገባል።

7. ክፍያና ውል

የተቆጣጣሪው ክፍያ ከባለቤቱ ኪስ በቀጥታ ሊወጣ ይገባል። ክፍያው በተቋራጩ ዋጋ ውስጥ ተካትቶ በተቋራጩ እጅ የሚሰጥ ከሆነ ተቆጣጣሪው ነጻነቱን ያጣል። ሙሉ ክፍያን በቅድሚያ መስጠትም ሆነ ሙሉ ክፍያን እስከ መጨረሻ መያዝ አይመከርም። ተመራጩ መንገድ ክፍያን በጉብኝት ደረጃዎች ከፋፍሎ እያንዳንዱ የጽሑፍ ማስታወሻ ሲቀርብ መፈጸም ነው።

የውሉ ጽሑፍ ረጅም መሆን አይጠበቅበትም። የተዋዋዮቹን ስምና አድራሻ፣ የሥራውን ዓይነት፣ የጉብኝቶቹን ብዛትና ደረጃ፣ የክፍያውን መጠንና ጊዜ፣ ባለሙያው ሥራ እንዲቆም የማሳሰብ መብቱን፣ እንዲሁም የጥቅም ግጭት እንደሌለበት የሰጠውን ማረጋገጫ ቢይዝ በቂ ነው። ውሉ በሁለት ምስክሮች ፊት ቢፈረምና እያንዳንዱ ወገን አንድ ቅጂ ቢይዝ ወደፊት ለሚነሣ ክርክር ይረዳል።

ከተቋራጩ ጋር በሚፈረመው ውል ውስጥም «ከተቆጣጣሪው የጽሑፍ ማረጋገጫ በፊት የሚሸፈን ሥራ አይኖርም» የሚል አንቀጽ ማስገባት እጅግ ጠቃሚ ነው። ይህ አንቀጽ ከሌለ ተቋራጩ ተቆጣጣሪውን የመጠበቅ ግዴታ የለብኝም ሊል ይችላል።

8. የጉብኝት ደረጃዎችና በየደረጃው የሚታዩ ጉዳዮች

ለአንድ መካከለኛ የቤት እድሳት ቢያንስ ስድስት ጉብኝቶች እንዲኖሩ ይመከራል።

የመጀመሪያ ጉብኝት፦ ሥራው ከመጀመሩ በፊት። ባለሙያው ነባሩን ቤት ይመረምራል፤ ስንጥቆችን በእርሳስ ምልክት አድርጎ ቀን ይጽፍባቸዋል። ምልክቱን አልፎ የሚሄድ ስንጥቅ ቤቱ ገና እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ያሳያል።

ሁለተኛ ጉብኝት፦ መሠረቱ ከተቆፈረ በኋላ፣ ድንጋይ ከመግባቱ በፊት። መሠረቱ ጽኑ መሬት ወይም ዐለት ላይ መድረሱ ይረጋገጣል። ዋልካ አፈር ክረምት አብጦ በጋ ስለሚሰነጠቅ ቤቱ በቀጥታ በላዩ መቀመጥ የለበትም። ጉድጓዱ ውስጥ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃና የላላ ጭቃ ካለ ተጠርጎ መውጣት ይኖርበታል።

ሦስተኛ ጉብኝት፦ ብረት ታስሮ አርማታ ከመፍሰሱ በፊት። የብረቱ ብዛትና ውፍረት፣ የስታፋዎቹ ርቀት፣ ብረቱ ከካሳፎርማው ጋር አለመነካካቱ ይታያል። አሸዋው በእጅ ታሽቶ አፈር የሚተው ከሆነ ሊታጠብ ወይም ሊቀየር ይገባል። ሲሚንቶው ያልጓጎለ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ ከዝናብ የተጠበቀ መሆኑ ይረጋገጣል። ሲቦካም ውኃ ከመጠን በላይ መጨመር ሥራውን ቢያቀልም ጥንካሬውን ይቀንሳል።

አራተኛ ጉብኝት፦ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ ከመውጣቱ በፊት። የድንጋይ ግድግዳ ከሆነ የግድግዳውን ሁለት ፊት የሚያያይዙ ረጃጅም ድንጋዮች መግባታቸው፣ ማዕዘኖቹ እርስ በርስ መቆላለፋቸው፣ ከበርና ከመስኮት በላይ ያለው ማሰሪያ ዙሪያውን ሳይቋረጥ መዞሩ ይታያል።

አምስተኛ ጉብኝት፦ ቆርቆሮ ከመመታቱና ግድግዳ ከመለሰኑ በፊት። የጣሪያው እንጨት ከግድግዳው ጋር በሚገባ መታሰሩ፣ እንጨቱ የደረቀና ከምስጥ የተጠበቀ መሆኑ፣ የኤሌክትሪክ ዝርጋታውም በባለሙያ መታየቱ ይረጋገጣል። በአምባ ላይ ነፋስ ስለሚበረታ ቆርቆሮውን ከእንጨቱ፣ እንጨቱን ከግድግዳው የሚይዘው ማሰሪያ ልዩ ትኩረት ይሻል።

ስድስተኛ ጉብኝት፦ ርክክብ። የጣሪያ ውኃ ከመሠረቱ ርቆ መፍሰሱ፣ በሮች ወደ ውጭ ለመውጣት አለመከልከላቸው፣ የመጸዳጃ ጉድጓዱ ከመሠረትና ከውኃ ምንጭ መራቁ ተረጋግጦ የጉድለት ዝርዝር ይዘጋጃል። የመጨረሻው ክፍያ ለተቋራጩ የሚፈጸመው ዝርዝሩ ተስተካክሎ ሲያልቅ ነው።

9. የበዓሉ ቀንና የሥራው ጊዜ

አርማታ ታስቦ የተሠራበትን ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፤ ቢያንስ ለ7 ቀናትም ሳይደርቅ ውኃ እየተረጨ ሊጠበቅ ይገባል። ይህ ስሌት ከበዓሉ ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር፣ መስከረም 21 ቀን እንግዳ ሊቀበል የታሰበ ሶሌታ ወይም ቢም ጳጉሜን 5 በሚሆንበት ዓመት ከነሐሴ 28 ቀን በኋላ ሊፈስ አይገባም ማለት ነው። ጳጉሜን 6 በሚሆንበት ዓመት ደግሞ ገደቡ ነሐሴ 29 ቀን ይሆናል።

ይህም ቢሆን የመጨረሻው ገደብ እንጂ ተመራጩ ጊዜ አይደለም። ነሐሴ የዝናብ ወር በመሆኑ መሠረት ለመቆፈር፣ ጭቃ ለማድረቅና ሲሚንቶ ለማከማቸት አይመችም። መሠረትና አርማታ የሚነካ እድሳት በበጋው ወራት ተጀምሮ ክረምት ሳይገባ ቢጠናቀቅ ይመረጣል። ሥራው ዘግይቶ ለበዓሉ ካልደረሰ ክፍሉን በዚያ ዓመት ሳያከራዩ መቆየት ከጉዳት ያድናል። ይህንን በድፍረት የሚመክር ተቆጣጣሪ የተቀጠረበትን ሥራ በአግባቡ የሚሠራ ነው።

10. ቅርስን የሚመለከት ጥንቃቄ

ግሸን ከሃይማኖታዊ ክብሩ በተጨማሪ በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ልጆች ተጠብቀው ይቀመጡበት የነበረ ታሪካዊ አምባ ነው። ስለዚህ በአካባቢው የሚካሄድ ቁፋሮ ከተራ ቁፋሮ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል የማሳወቅና እስከዚያው የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። የጥንት ግንብ፣ የሸክላ ስብርባሪ፣ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ወይም መቃብር ቢገኝ ተቆጣጣሪው ሥራውን አስቁሞ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይኖርበታል። ከነባር ግንብ ድንጋይ ነቅሎ ለአዲስ መሠረት መጠቀምም ሊወገድ ይገባል።

11. ጉድለት ሲገኝ ምን ይደረጋል?

ተቆጣጣሪው ጉድለት ሲያመለክት ባለቤቱ ሦስት እርምጃዎችን እንዲወስድ ይመከራል። በመጀመሪያ ጉድለቱ በጽሑፍ ለተቋራጩ ይገለጻል፤ የማስተካከያ ጊዜም ይሰጠዋል። ቀጥሎ ጉድለቱ እስኪስተካከል የዚያ ደረጃ ክፍያ ይያዛል። በመጨረሻም ተቋራጩ ካላስተካከለ ጉዳዩ በሽምግልና ወይም በፍርድ ቤት እንዲታይ ይደረጋል። ለሰው ሕይወት የሚያሰጋ ጉድለት ሲሆን ግን ሽምግልናን ሳይጠብቁ ቤቱን መልቀቅና ለወረዳው አስተዳደር ማሳወቅ ይቀድማል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 የሥራ ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበበት ጊዜ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ትክክለኛነትና ለሕንፃው ጽናት ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። በዚህ ድንጋጌ ለመጠቀም ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። የተፈረመ ውል፣ የርክክብ ሰነድና የተቆጣጣሪው የጉብኝት ማስታወሻዎች ተጠብቀው ከተቀመጡ ከዓመታት በኋላም ምስክር ይሆናሉ። ባለቤቱ እነዚህን ሰነዶች ከቤቱ ይዞታ ማረጋገጫ ጋር በአንድነት ቢያስቀምጥ መልካም ነው።

ተቆጣጣሪው ራሱ ኃላፊነቱን ካልተወጣ፣ ለምሳሌ ሳይጎበኝ ከፈረመ ወይም ከተቋራጩ ጥቅም ከተቀበለ፣ ባለቤቱ ውሉን ከማቋረጥ በተጨማሪ ለመዘገበው አካል አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው።

ማጠቃለያ

የቤት እድሳት ለብዙ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ የሚፈስበት ሥራ ነው። ለእንግዳ የሚሰናዳ ቤት ደግሞ የሌሎችንም ሕይወት በአደራ ይቀበላል። ስለሆነም ባለቤቱ ግንበኛ ከመምረጡ አስቀድሞ ወይም ቢያንስ ከእርሱ ጎን ለጎን ተቆጣጣሪ ሊመርጥ ይገባል። ምርጫውም ሦስት ነገሮችን መመለስ አለበት፦ ይህ ሰው የሚሠራው ለማን ነው? ሥራው ከመሸፈኑ በፊት ይገኛል? ያየውንስ ይጽፋል? ለሦስቱም አጥጋቢ መልስ ያለው ባለሙያ ሲገኝ የሚከፈለው ገንዘብ ከቤቱ ወጪ ላይ የተጨመረ ሳይሆን ቤቱን የሚያጸና አንዱ የግንባታ ዕቃ ተደርጎ ሊታይ ይገባል።

ተጨማሪ ማብራሪያ የሚፈልጉ የቤት ባለቤቶች በሚኖሩበት ወረዳ ወይም ከተማ የሚገኘውን የከተማና መሠረተ ልማት ጽሕፈት ቤት በአካል ቀርበው መጠየቅ ይችላሉ።